ተስፋ አድርጊኝ

የእናቴ ሣጥን ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። ፖስታው ዳር ዳሩን ቀይና ሰማያዊ መስመር ያለበት የድሮ የአየር መልእክት ፖስታ ነው። ቴምብሩ ተነሥቷል። ወረቀቱ ከደብተር የተገነጠለ ነው። በአራት ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። እናቴ ስታወጣው በሁለት እጇ ነው የምትይዘው።

ጽሕፈቱ የልጅ ነው። ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። አንዳንድ ቦታ "ጸ" ጠፍቶበት በ"ሰ" ጽፎታል። "እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ" ብሎ ይጀምራል። ስለ ትምህርቱ ትንሽ ይላል። ስለ ባሕሩ ትንሽ ይላል። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ናት፦ "ተምሬ እስክመጣ ተስፋ አድርጊኝ።"

ጸሐፊው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር፤ የጻፈውም ከኩባ ነው።

አባታቸው በሶማሊያ ጦርነት ነው የሞተው። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲበሠር እነሱ ቤት ድንኳን ተተክሎ ነበር። በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ኩባውያን ወታደሮችም ተሰልፈው ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ያየ ሰው የሞቱትን ኩባውያን ምስል እዚያ ያገኛል። ከጦርነቱ በኋላ አባቶቻቸው የሞቱባቸው ልጆች እንዲማሩ ወደ ኩባ ተላኩ። በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አጎቴ አንዱ ነው። ሲሄድ 12 ዓመቱ ነበር።

የሄዱት ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ ወዳለች ደሴት ነው። ድሮ የጥድ ደሴት ትባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 የወጣቶች ደሴት ተባለች። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያ የመጡ ልጆችም እዚያ ይማሩ ነበር። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ግማሽ ቀን የፍራፍሬ እርሻ ላይ። አጎቴ እስካሁን ግሬፕፍሩት ሲያይ ስሙን በስፓኒሽ ነው የሚጠራው፤ "ቶሮንኻ" ይላል። ከእኛ "ትርንጎ" ጋር አንድ ዘር ያለው ቃል ነው። ሁለቱም ከዐረብኛ ነው የመጡት።

ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይለቃል። በሦስተኛው ዓመት አጎቴ በስፓኒሽ ያልም ነበር። አማርኛውን ከጓደኞቹ ጋር ያወራል፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መምህሮቻቸው። ለታላቅ እህት የሚጻፍ ደብዳቤ ግን ሌላ አማርኛ ይጠይቃል። ያን አማርኛ የሚያስተምረው ትልቅ ሰው አጠገቡ አልነበረም። ስለዚህ ልቡ ውስጥ ያለውን በስፓኒሽ አስቦ በአማርኛ አሰፈረው።

ማንም "ተስፋ አድርጊኝ" ብሎ አያውቅም። "ተስፋ አትቁረጪ" ይባላል። "ባንቺ ተስፋ አለኝ" ይባላል። "ተስፋ አድርጊኝ" ግን የለም። እናቴ ሆዬ ስህተት ነው ብላ አስባ አታውቅም። "ተስፋሽ እኔን አድርጊኝ" ማለቱ ነው ብላ ነው የተረዳችው። ወንድሟ 15 ዓመት ሲሞላው አደገ፣ ልብ ገዛ፣ እኔ አለሁልሽ አለኝ ብላ ለጎረቤት አንብባለች። አባቷ ሞቷል። እናቷ ታማለች። እሷ ያኔ 20 ዓመቷ ነው፣ ቤቱን ይዛለች። እንደተባለችው አደረገች። ተስፋዋ አደረገችው።

እኔ የዚህን መስመር ምሥጢር የደረስኩበት ከብዙ ዘመን በኋላ ማድሪድ ውስጥ ነው።

ማድሪድ ስገባ ስፓኒሽ አልችልም ነበር። አጎቴ በስልክ ካስተማረኝ ሰላምታና ቁጥር በስተቀር ባዶ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ለመኖሪያ ወረቀት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ "ሳላ ዴ ኤስፔራ" ይላል። "ሳላ" አዳራሽ መሆኑን አውቃለሁ። "ኤስፔራንሳ" ማለት ተስፋ መሆኑንም አጎቴ ነግሮኛል፤ የሴት ስምም ነው፣ እኛ ወንዱን ተስፋዬ እንደምንለው። እና "የተስፋ አዳራሽ" ብዬ አነበብኩት። ገብቼ ሳይ ፕላስቲክ ወንበር፣ የቁጥር ወረቀት የሚተፋ ማሽን፣ የደከመው ሰው። መጠበቂያ ክፍል ነው።

ያን ቀን ማታ መዝገበ ቃላት አወጣሁ። "ኤስፔራር" ማለት መጠበቅ ነው። "ኤስፔራር" ማለት ተስፋ ማድረግም ነው። ሁለቱ አንድ ግሥ ናቸው። ዘሩ ላቲን ነው፤ በላቲን "ስፔራሬ" ተስፋ ማድረግ ብቻ ነበር። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ከዚያው ከላቲን ወርሰውት ተስፋነቱን ብቻ ነው የያዙት፤ ለመጠበቅ ሌላ ቃል አላቸው። ስፔንና ፖርቱጋል ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አሸከሙት። አንድ ሰው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ "ኤስፔሮ" ሲል የሚጠቀምበት ቃል፣ የታመመ ልጁ እንዲድን ሲመኝ ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ነው።

ወዲያው ደብዳቤው ትዝ አለኝ። "ኤስፔራሜ።" አጎቴ ሊላት የፈለገው ይህን ነው። ጠብቂኝ።

ሌሊት ነበር፣ አዲስ አበባም ሌሊት ነው። ግን ደወልኩለት። "አጎቴ፣ ያ ደብዳቤ ላይ ጠብቂኝ ልትላት ነበር እንዴ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ምን ብያት ኖሯል?" አለኝ። 30 ዓመት ሙሉ አላወቀም። እናቴም አልነገረችውም፤ እሷ ምን ብላ ትነግረዋለች፣ እሷ እኮ የተረዳች መስሏታል።

ከዚያ በኋላ ይህን ቃል እሱ ነው ያስተማረኝ፣ በትዕግሥት፣ በስልክ። ስፓኒሽ ተናጋሪ አይምታታበትም አለኝ። ከግሡ በኋላ የሚመጣው ነገር ይለየዋል። ሰው ከመጣ መጠበቅ ነው፤ "ቴ ኤስፔሮ" ብትዪ እጠብቅሃለሁ ነው። "ኬ" ከመጣና ግሥ ከተከተለው ተስፋ ነው፤ "ኤስፔሮ ኬ ቤንጋስ" ብትዪ እንደምትመጣ ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ነው። መሐል ላይ አንዲት "አ" ብትገባ ግን "ኤስፔሮ አ ኬ ቤንጋስ" ይሆንና እስክትመጣ እጠብቃለሁ ትያለሽ። አንዲት ፊደል ናት። ሰው ቶሎ ሲናገር ደግሞ ትዋጣለች፣ አትሰማም።

"እዚያ ልጅ ሆነን ለየት ያለ ነገር መሆኑ አይታወቀንም ነበር" አለኝ። "ቀኑን ሙሉ ኤስፔራ ነው። ምግብ ቤት ኤስፔራ፣ አውቶቡስ ኤስፔራ፣ ደብዳቤ ኤስፔራ።" ኩባ ውስጥ ሰልፍ የሚያዝበትን መንገድም ነገረኝ። የመጣ ሰው ማንም ጀርባ አይቆምም። "ኤል ኡልቲሞ?" ብሎ ይጠይቃል፣ የመጨረሻው ማነው እንደማለት። አንዱ እጁን ያነሣል። ያን ሰው ማየት ብቻ ነው። ከዚያ ጥላ ሥር መቀመጥ ይቻላል፣ ማውራት ይቻላል፣ ዶሚኖ መጫወት ይቻላል። ተራ በሰው ዐይን ይጠበቃል። ማድሪድ ገበያ ውስጥም ሥጋ ቤት ፊት ይህንኑ ሲጠያየቁ ሰምቻለሁ። አጎቴ ከኩባ ሲመለስ ቀበሌ ሄዶ "የመጨረሻው ማነው?" ብሎ ጠይቆ ዛፍ ሥር ሊቀመጥ ሄደ። ሲመለስ ተራው አልፎ ነበር። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበረ፣ ዛሬም አልወጣለትም።

ስለ አማርኛው ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኛስ ምን እንላለን? "ጠበቀ" እንላለን። ይህም ሁለት ነው። ሰው ይጠበቃል፣ ቤትም ይጠበቃል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚቆምልህ ጠበቃ ነው። "እግዜር ይጠብቅህ" ስንል እግዜር እስክትመጣ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። አማርኛ የሚጠብቀውን ሰው ዘብ አድርጎ ነው የሚያየው። የምትጠብቀው ነገር ላይ ዐይንህን ታሳርፋለህ፣ እንዳይወሰድብህ፣ እንዳይጠፋብህ።

የገረመኝ፣ ስፓኒሽም ይህን መንገድ ያውቀዋል። ለመጠበቅ "አጓርዳር" የሚባል ሌላ ቃል አላቸው፤ ትንሽ ረጋ ያለ፣ የመጽሐፍ ወግ ያለው። የወጣው "ጓርዳር" ከሚለው ነው፣ ትርጉሙም መጠበቅ፣ ማኖር፣ ዘብ መቆም ነው። ልክ እንደኛ። ሁለቱ መንገዶች እጃቸው ላይ ነበሩ። መንገድ ላይና ቤት ውስጥ ግን ሰው አፍ የገባው ያ የተስፋው ሆነ።

አጎቴ ያን ደብዳቤ በትክክል ቢጽፈው ኖሮ "ጠብቂኝ" ይላት ነበር። እሱም ቢሆን እኮ ሁለት ነገር ይላል። አባቱ የሞተበት ልጅ፣ ባሕር ማዶ ሆኖ፣ እህቱን "ጠብቂኝ" ሲል።

ያ መሥሪያ ቤት አንድ ዓመት ከአራት ወር አመላለሰኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ዓመት ቃሉን ጠላሁት። ለመጠበቅ የግድ ተስፋ ማድረግ አለብኝ እንዴ እል ነበር። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቀጠሮው ይሰረዛል፣ አንድ ወረቀት ጎድሏል ይባላል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ራሳቸው "ኤል ኬ ኤስፔራ ዴሴስፔራ" ይላሉ፤ የሚጠብቅ ተስፋ ይቆርጣል። "ዴሴስፔራር" ያንኑ ቃል ገልብጦ ነው። የማይመጣ ነገር የሚጠብቅን ሰው ደግሞ "ቁጭ ብለህ ጠብቅ" ይሉታል፤ እግርህን አታድክም እንደማለት ነው። እኔ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ቁጥር 87 ይዤ። ከፍ ብሎ የተሰቀለው ሰሌዳ 41 ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ነው ደስ ብሎኝ የማስታውሰው። አጠገቤ ከኤኳዶር የመጣች ልጅ ተቀምጣለች። ሆዷ ገፍቷል። አንዲት አሮጊት ገብተው ወንበር ሲፈልጉ ወደሷ ጎንበስ አሉና "ኤስታ ኤስፔራንዶ?" አሏት። እየጠበቅሽ ነው ወይ? ተራ መያዟን ይሁን እርግዝናዋን፣ ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል። ልጅቷ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ "ሲ፣ ላስ ዶስ ኮሳስ" አለቻቸው። አዎ፣ ሁለቱንም። አሮጊቷ ጉንጯን በመዳፋቸው ነካ አደረጓት፣ ወደ መስኮቱ ሄደው አንድ ነገር ተናገሩ። ብዙ ሳይቆይ ልጅቷ ቀድማ ተጠራች።

ለእርግዝና ካላቸው አነጋገር አንዳንዱ ከዚሁ ቃል ነው የሚቀዳው። በላቲን አሜሪካ "ጣፋጭ ጥበቃ" ይሉታል። ስፔን ውስጥ የድሮ ሰዎች እርጉዝ ሴትን "በመልካም ተስፋ ላይ ናት" ይሏታል። እና ይህ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸውም ገብቷል። እንደነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 18 የእመቤታችን በዓል አለ። አንድ በዓል ነው፣ ሁለት ስም አለው፤ የኤስፔራንሳ ማርያም ይባላል፣ የመውለጃዋ ጊዜ የሚጠበቅበት በዓልም ይባላል። ተስፋና ጥበቃ በአንድ ቀን። ሴቪያ ከተማ ውስጥ ማካሬና የምትባለው፣ ለስቅለት አጥቢያ ሌሊት ሕዝቡ እያለቀሰ የሚሸኛት የማርያም ሐውልት ስሟ ኤስፔራንሳ ነው። የማኅበሯ ቀለም አረንጓዴ ነው።

የዚህን በዓል ታሪክ ስፈልግ ሳላስበው አገሬ ገባሁ።

በዓሉ የተደነገገው እንደነሱ በ656 ዓ.ም. ነው። ጳጳሳት ተሰብስበው፣ የብሥራት በዓል ማርች 25 ላይ ሲውል ከጾሙና ከፋሲካው ጋር ስለሚጋጭ ከልደት በፊት ስምንት ቀን እንዲከበር ወሰኑ። የተሰበሰቡት ቶሌዶ ከተማ ነው። በቀጣዩ ዓመት የቶሌዶ ጳጳስ የሆነው ኢልዴፎንሶ ይባላል። ስለ ድንግልናዋ መጽሐፍ ጻፈላት። እሷም በዚያው በዓል ወርዳ ልብስ ሰጠችው ይላሉ።

ተአምረ ማርያም ሲነበብ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። እኔም ቆምኩ። ደቅስዮስ ነው! "ጥልጥልያ" በምትባል አገር የነበረው ኤጲስ ቆጶስ፣ የእመቤታችንን ተአምር ሰብስቦ የጻፈው፣ ልብስና ወንበር የሰጠችው። ጥልጥልያ ቶሌዶ ናት። ዐረቦች "ጡለይጡላ" ይሏት ነበር፤ መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ ስሟም አብሮ መጣ። እኛ ቀኑን ታኅሣሥ 22 ነው የምናከብረው። መጋቢት 29 ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ደቅስዮስ ከልደት በፊት ስምንት ቀን አደረገው ብለን። የእነሱ 18 እና የእኛ 22 በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር አንድ ቀን ናቸው። እነሱ አቆጣጠራቸውን ስለለወጡ ነው የተራራቅነው።

ልጅ ሆኜ ያን ታሪክ ስሰማ ጥልጥልያ ሰማይ አጠገብ ያለች አገር ትመስለኝ ነበር። ከማድሪድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ናት።

አምና በበዓሉ ቀን ሄድኩ። ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ካቴድራሉ ውስጥ አንድ ምሰሶ ሥር ትንሽ ጸሎት ቤት አለች፣ የመውረዷ ቦታ ይሏታል። እዚያ በብረት ፍርግርግ ጀርባ አንዲት ድንጋይ አለች። እመቤታችን ስትወርድ የረገጠቻት ናት ይላሉ። ሰው ጣቱን አሾልኮ ይነካታል፣ ጣቱን ይስማል። እኔም ነካሁ። ቀዝቃዛ ነበረች፣ ልስልስ ያለች። ከፊቴ ስንት ጣት እንዳለፈባት ትናገራለች።

ቅዳሴው ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርሱ አብሬ ለመከተል ሞከርኩ። መጨረሻው ላይ "ኤስፔሮ ላ ሬሱሬክሲዮን ዴ ሎስ ሙዌርቶስ" ይላል። የሙታንን ትንሣኤ... ምን? ተስፋ አደርጋለሁ? እጠብቃለሁ? የእኛ አማርኛው "ተስፋ እናደርጋለን" ይላል። ግእዙ ግን "ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን" ነው። ንሴፎ። "ተስፋ" የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከዚያ ግሥ ነው። በግእዝ ደግሞ ይህ ግሥ ተስፋ ማድረግም ነው፣ መጠበቅም ነው። ስፓኒሽ እንዳደረገው፣ ሁለቱን በአንድ አፍ።

አጎቴ ያኔ በ15 ዓመቱ ያልቻለው አማርኛውን ነው እንጂ፣ ያለው ነገር እኛ ዘንድም ነበረ። ቄሱ ቢያነቡላት ያን መስመር ያለ ምንም ችግር ይረዱት ነበር። ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ዝም ብለው መሐረብ ሰጡኝ።

አጎቴ በ1982 ተመለሰ፣ በሄደ በ11 ዓመቱ። እናቴ ቦሌ የሄደችው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ የሚገባው ግን ማታ ነበር። ለምን እንዲህ ቀደምሽ ብያት አውቃለሁ። "ቢቀድምስ?" አለችኝ። ሲወጣ አላወቀችውም፣ ጢም አብቅሎ ነበር። እሱ ነው ያወቃት፣ በነጠላዋ። አያቴ አልደረሰችበትም፣ አንድ ዓመት ቀድማው አርፋለች። እናቴ ስለዚያ ብዙ አታወራም።

ከካቴድራሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ሆኜ ደወልኩላት። የት እንዳለሁ ነገርኳት። ጥልጥልያ ስላት መጀመሪያ አልገባትም። ስደግምላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፣ ከዚያ እልል አለች፣ ስልኩ እስኪነፋነፍ። ድንጋይዋን በየትኛው እጅሽ ነካሻት ብላ ጠየቀችኝ። በቀኜ አልኳት። እንዳትታጠቢው አለችኝ።

"እማዬ፣ እንኳን አደረሰሽ፣ ዛሬ እኮ በዓሉ ነው" አልኳት።

"ኧረ እኛ ጋ ገና ታኅሣሥ 9 ነው ልጄ" አለችኝ። "13 ቀን ይቀረናል። እየጠበቅን ነው።"